ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፦ ለናፍጣ መኪና ባለቤቶች

ከአባይ ድልድይ ወዲህ እንጀራ የሚያበላ መኪና አብዛኛው ናፍጣ ነው። ሃይሉክሱም፣ ላንድክሩዘሩም፣ አይሱዙውም። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ደህና አድርጎ እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል የሚመጡት ጥያቄዎች ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ ያው ናቸው። «ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ብሎ ዝም ይላል» የምትሉ ግን ችግራችሁ ባትሪ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን።

ከየት ልጀምር?

ከጭስ ማውጫው። ኮፈኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ 10 ሰከንድ ያህል ያዙርላችሁ፤ እናንተ ከኋላ ሄዳችሁ ማርሚታውን ተመልከቱ።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ለመነሳት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ፈጠን ያለ ዙር፣ ደህና ኮምፕሬሽን (የአየር ጭመቃ)፣ በሰዓቱ የሚረጭ ናፍጣ። የትኛው እንደጎደለ ጭሱ ይናገራል።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ ደግሞ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉት። በጋውን ሙሉ ከቢቸና ገጠር ለገጠር የከረመ መኪና ፊልትሮው አቧራ ጠግቦ ሊሆን ይችላል።

ማርሚታውን ሳያይ «ፓምፕ ነው፣ ይውረድ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አይነሳም እንጂ። ቢያንስ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ምንም ጭስ የለም። ናፍጣው የት ቀረ?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ከታንኩ ጀምራችሁ ወደ ሞተሩ ኑ።

መጀመሪያ የሚያሳፍረውን ጥያቄ እንጨርስ፦ ናፍጣ አለው? ጌጁን አትመኑት። ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከተጣበቀ ታንኩ ባዶ ሆኖ መርፌው ሩብ ላይ ይቆማል። ዳገት ላይ በቆመ መኪና ደግሞ የቀረችው ጥቂት ናፍጣ ወደ አንድ ጥግ ትሸሽና መምጠጫው አየር ይስባል። አምስት ሊትር ጨምሮ መሞከር ርካሽ ምርመራ ነው።

ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ተጫኑት። ጥቂት ጊዜ ተጭናችሁት ጠጠር ካለ መስመሩ ሞልቷል። እየተጫናችሁት ልል እንደሆነ ከቀረ አየር አለ። ሰምጦ ቀርቶ ወደ ላይ አልመለስ ካለ ግን ከታንኩ የሚመጣው መስመር ታፍኗል፤ ቆሻሻ ወይም የታጠፈ ቱቦ ፈልጉ። ይህችን ነገር ብዙ ሰው አያስተውላትም። በአውራ ጣት ብቻ የሚገኝ መረጃ ነው።

ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ እስከሚልከው ዋናው ፓምፕ ድረስ ናፍጣ መኖሩን ካረጋገጣችሁ ወደ ሶሌኖይዱ ሂዱ። የቆዩት ሃይሉክሶችና 1ኤችዜድ ሞተር ያላቸው ላንድክሩዘሮች ሜካኒካል ፓምፕ ነው ያላቸው። ፓምፑ ላይ አንዲት ሽቦ የገባችበት ትንሽ ሶሌኖይድ አለች። ቁልፉ ሲከፈት ናፍጣ ታሳልፋለች፣ ሲዘጋ ታቋርጣለች፤ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። ሽቦዋ ከላላች ወይም ፊውዙ ከተቃጠለ ሞተሪኖው ቀኑን ሙሉ ቢያዞር ጠብታ አያልፍም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን ሳታዞሩ ቁልፉን ከፈት ዘጋ አድርጉ፤ ሌላ ሰው ጆሮውን ወደ ፓምፑ ያስጠጋ። ቀጭን «ጭቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ የሽቦዋን ጫፍ ንቀሉና ቁልፉ ተከፍቶ እያለ በቴስተር መብራት ሞክሩ። ኤሌትሪክ ከመጣ ሶሌኖይዷ ሞታለች። ካልመጣ ችግሩ ፊውዙ ወይም ወደ እሷ የሚመጣው መስመር ነው። አንዳንዴ የጥገናው ዋጋ የአንድ ፊውዝ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ተብሎ ፓምፕ ሲወርድ ማየት ያናድዳል።

«አየር ገብቶበታል» ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ናፍጣ አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ፓምፑ ሲገፋ አየሩ ይጨመቅና ግፊቱን ይበላዋል፤ ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ኢንጀክተርም አይከፈትም።

አየር የሚገባው ናፍጣ ጨርሶ ሲቆም፣ ፊልትሮ ሲቀየር ወይም የሆነ ቦታ ቱቦ ሲሰነጠቅ ነው። የመጨረሻው ነው ራስ የሚያዞረው። ምልክቱ ይኸውላችሁ፦ መኪናው ቀኑን ሙሉ ደህና ሲሠራ ይውላል፣ ካደረ ግን በብዙ ልመና ነው የሚነሳው። አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጎ ካደረ ይብስበታል። ሌሊቱን ናፍጣው በስንጥቁ አየር እያስገባ ወደ ታንኩ ቁልቁል ይመለሳል። አንድ ቀን አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት እሺ ብሎ ከተነሳ የሚፈለገው ስንጥቅ እንጂ ፓምፕ አይደለም።

ስንጥቁን ለማግኘት የፊልትሮውን ላስቲክ፣ የእጅ ፓምፑን ሥርና በኢንጀክተሮቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን የመላሽ ቱቦዎች እዩ። እነዚህ ቱቦዎች በክር የተሸፈነ ጎማ ናቸው። ሙቀት ያደርቃቸዋል፤ ጎንበስ ስታደርጓቸው ደረቅ ቅርፊት ይሰነጠቃል። ናፍጣ ያረጠበው ቦታ አቧራ ይዞ ጥቁር ጭቃ ስለሚሠራ በዓይን ይለያል። የሚያሳዝነው ግን አየር የሚስብ ስንጥቅ ሁልጊዜ ናፍጣ አያንጠባጥብም። ያኔ ፊልትሮውና ፓምፑ መካከል ለጊዜው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡ። አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ለማስወጣት ደግሞ የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ አድርጋችሁ የእጅ ፓምፑን ምቱ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ንጹህ ናፍጣ ይወጣል። ንጹህ ሲሆን አጥብቁ። በዚህ ካልተነሳና ፓምፑ ሜካኒካል ከሆነ፣ ኢንጀክተሮቹ ላይ ያሉትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ ግማሽ ዙር አላሉና ሞተሪኖውን አዙሩ። ብዙውን ጊዜ 17 ቁልፍ ነው የሚይዛቸው። በዳዶው ሥር ናፍጣ ብቅ ብቅ ሲል አንድ በአንድ አጥብቁ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን እንዳጠበቃችሁ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይነሳል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ናፍጣው በሚወጣበት በኩል ፊታችሁን አታቅርቡ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለሁሉም ኢንጀክተሮች የሚያድል የጋራ ቱቦ) ባለው አዲስ መኪና ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት። እዚያ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል። ከስንጥቅ የሚወጣ ቀጭን ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ማደያ ሲጠፋ ናፍጣ በጄሪካን ነው የምገዛው። ችግሩ ከእሱ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ለማወቅ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ከፊልትሮው ሥር ባለው ማፍሰሻ ጥቂት ቀድታችሁ ለሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ መሃላቸው ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ውሃው እስኪያልቅ አፍስሱና ፊልትሮውን ቀይሩ። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ መብራት ከበራ ደግሞ ነግሯችኋል፤ አለመስማት የእናንተ ነው።

ክረምት ላይ በጄሪካንና በበርሜል የሚዞር ናፍጣ ውሃ ይበዛዋል። ግን ማደያ የተቀዳም ናፍጣ ከዚህ አያመልጥም። ግማሽ ሆኖ የሚያድር ታንክ ውስጥ ያለው አየር በደጋው ብርድ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብታ ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። አቅም ከፈቀደ ማታ ሞልታችሁ አሳድሩት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም አለ። እሱ ወዲያው መነሳት አይከለክልም፤ ፓምፑን ማለስለሻ አሳጥቶ ቀስ በቀስ ነው የሚበላው።

ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ጠዋት ብቻ እምቢ ይላል። ነጭ ጭስ ያጨሳል። ረፋድ ላይ ያለ ችግር ይነሳል።

ይህ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ሰዎች ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ያሉት ብዙም አያውቁትም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ይጎድላል። አየሩ ቀጭን ሆኖ፣ በላዩ ላይ ውርጭ ተጨምሮበት፣ ፒስተኑ ሲጨምቀው የሚያገኘው ሙቀት ያንሳል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የማሞቂያ ካንዴላ ነው፤ እሳት አይረጭም፣ በኤሌትሪክ ግሎ ሲሊንደሩን ያሞቃል። ናፍጣው ረግቶ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በከተማችን ውርጭ ናፍጣ ሲረጋ አላየሁም። በአብዛኛው ካንዴላው ነው።

የማሞቂያ ካንዴላ የሚለካው በቀላሉ ነው። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ አውልቁና እያንዳንዱን በመልቲሜትር ከሞተሩ አካል ጋር ለኩ። ደህናው ከ1 ኦም ገደማ አይርቅም። ጨርሶ የማያሳልፍ ከሆነ ተቃጥሏል። መልቲሜትር ከሌለ የቴስተር መብራቱን መቆንጠጫ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ፣ ጫፉን ካንዴላው አናት ላይ አስነኩ። ከበራ ካንዴላው ውስጡ አልተበጠሰም። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጭ እያጨሰ፣ ከብዙ ዙር በኋላ ይነሳል። ሁለት ሦስቱ ሲሞቱ ነው ጠዋት እምቢ የሚለው። አውጥቶ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት አልመክርም፤ ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ ካንዴላዎች ስላሉ የሚመረመረውን ራሱን ታቃጥሉታላችሁ።

አራቱም ደህና ከሆኑ ወደ እነሱ ኤሌትሪክ መምጣቱን እዩ፤ ሪሌውና ትልቁ ፊውዝ በተራቸው ይመርመሩ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የጥቅልል ምልክት በርታ መጥፋቷ ማስረጃ አይሆንም። እሷ ሰዓት ቆጣሪ ናት፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ሞተውም ትበራለች።

ብርዱ ሁለተኛ በር አለው። ሃያ ሃምሳ (20W-50) የሚባለው የሞተር ዘይት ሌሊቱን ይወፍራል፣ ባትሪም በብርድ ይደክማል፤ ስለዚህ ዙሩ ይጓተታል። በቀስታ የሚዞር ናፍጣ ሞተር የጨመቀው አየር ከመጋሉ በፊት ይቀዘቅዝበታል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ከ10 ቮልት ብዙ ከወረደ «ያዞራል» ብላችሁ አትተማመኑ፤ የሚዞረው ሳይበቃው ነው። የባትሪውን ጫፎችም አጽዱ። የአይሱዙ ጭነት መኪና በአብዛኛው ሁለት ባትሪ በተከታታይ አገናኝቶ በ24 ቮልት ነው የሚነሳው። ከሃይሉክስ ባትሪ በኬብል ላስነሳው እንዳትሉ።

ካንዴላውም፣ ባትሪውም፣ ዘይቱም ደህና ሆኖ ነጩ ጭስ ካልቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ። ያረጀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አባይ በረሃ ላይ የሚሸሸገውን ያህል ጮቄ ተራራ ሥር አይሸሸግም።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። ጠዋት ወዲያው ይነሳል። አባይ በረሃን ወጥቼ ደጀን ቡና ልጠጣ ባጠፋው ግን አይነሳም።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ የተደበቀው መንገዱ ውስጥ ነውና።

ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር ክፉኛ ይሞቃል። ናፍጣው አብሮ ይሞቅና ይቀጥናል። ያረጀ ሜካኒካል ፓምፕ ውስጡ ስለተበላ ቀዝቃዛና ወፈር ያለ ናፍጣ ይይዛል፣ የቀጠነውን ግን በክፍተቱ ያሾልከዋል። ሞተሩ እየሠራ ፓምፑ ፈጥኖ ስለሚዞር አይታወቅም። ስታጠፉትና በሞተሪኖ ቀስታ ስታዞሩት ግፊቱ ኢንጀክተር የሚከፍት አይሆንም። ሰዓት ተኩል አርፎ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ማረጋገጫው እርጥብ ጨርቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ውሃ የነካ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጠቅልሉና ለጥቂት ደቂቃ እየደጋገማችሁ አቀዝቅዙ። ከዚያ ከተነሳ ፓምፑ ነው፤ በመፈተሻ ማሽን ላይ የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ይውረድ። በሚሠራ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ፓምፑ ነክሶ ሊቆም ይችላል። ጨርቁ ቤት የሚያደርስ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

መኪናው አዲስና ኮምፒውተር ያለው ከሆነ ሲሞቅ አለመነሳት ሌላ ተጠርጣሪ አለው፤ የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር። ሞተሪኖው እያዞረ የዙር መለኪያው መርፌ ንቅንቅ ካላለ እሱን ጠርጥሩ።

ገፍቼ ላስነሳው? ቤንዚን በጨርቅ ነክሬ አየር መሳቢያው ላይ ባደርግስ?

ለመግፋቱ፦ ሞተሪኖው ደህና ካዞረ ግፊት የሚጨምረው ነገር የለም። የጎደለው ዙር ሳይሆን ናፍጣ ወይም ሙቀት ነው። ቁልቁለት ላይ ማንደርደር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል። የጎጃም ቁልቁለት ለዚህ አይመችም።

ለቤንዚኑና ለኢተር ርጭቱ፦ አታድርጉት። የጋለ ካንዴላ ሲያገኘው ፒስተኑ አናቱ ላይ ሳይደርስ ይፈነዳል። ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስተን ይበሳል፣ አንዳንዴም ነበልባሉ ወደ ሰውየው ፊት ይመለሳል። ከሥር እሳት ማንደድንም እንዲሁ ተዉት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

አዲሱ ኮመን ሬል ሃይሉክስ ከድሮው በምን ይለያል?

በኮምፒውተሩ። በሬሉ ውስጥ በቂ ግፊት ካልተገነባ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹ እንዲከፈቱ አያዝም። ብዙውን ጊዜ 200 ባርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አንድ ኢንጀክተር ወደ መላሽ መስመሩ ብዙ ናፍጣ ካሾለከ፣ ፊልትሮው ከታፈነ ወይም ፓምፑ ላይ ያለው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ከተጣበቀ ግፊቱ እዚያ አይደርስም። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ጭስ የለም፣ ዝም።

ፊልትሮ ለውጣችሁ፣ አየር አስወጥታችሁ ካልሆነ ኮምፒውተር የሚያነብ ጋራዥ ያስፈልጋል። እዚያ ስትሄዱ «እያዞረ ሬሉ ላይ ስንት ባር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሳያይ ኢንጀክተር ግዛ የሚላችሁ በግምት ነው የሚሠራው። የመላሹ መጠን በአራት ጠርሙስ ይለካል፤ አንዱ ከሌሎቹ ቶሎ ከሞላ ጥፋተኛው ተገኘ።

ዳሽቦርዱ ላይ ቁልፍ ያለበት መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል።

ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያግደው መሣሪያ፣ ቁልፋችሁን አላወቀውም። ተለዋጩን ቁልፍ ሞክሩ። መያዣው ላይ የተሰካኩ ሌሎች ቁልፎችን ንቀሉ። የቁልፉን ቅርፊት ቅርብ ጊዜ ካስቀየራችሁ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ አሮጌው ቅርፊት ውስጥ ቀርታ ይሆናል።

ማደያ በስህተት ቤንዚን ተቀዳበት።

ቁልፉን አትንኩት። እስከ ጋራዥ ልንዳው ማለትም አይሠራም። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፤ ቤንዚን ያደርቀዋል። ታንኩ ይፍሰስ፣ መስመሩ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር። ኮመን ሬል ከሆነ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉት።

ሞተሪኖው ዛሬ ከወትሮው ቀሎት፣ ፈጥኖ ነው የሚያዞረው። ጥሩ ነው?

መጥፎ ነው። ኮምፕሬሽን የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ የታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ይሆናል። ከዚህ በላይ አታዙሩ። ቤልቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መቀየር ነበረበት። ሁለተኛ እጅ የገዛችሁ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ጠይቃችሁ ነበር?

በክረምት ወንዝ ሲሻገር ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተርም በሞተሪኖ መዞር የለበትም። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይጨመቅም፤ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ጎትታችሁ አውጡት፣ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይፈተሽ።

ለምን ያህል ጊዜ ላዙር?

ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እረፍት። ሞተሪኖ ቶሎ ይግላል። ባትሪውን ጨርሳችሁ መካኒኩን ብትጠሩት ደግሞ የሚመረምርበት ዙር አይኖረውም።

መካኒክ ስጠራ ምን ልንገረው?

«አልነሳ አለ» አትበሉት። ጭሱ ምን ቀለም እንደነበረው፣ ሲበርድ ነው ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ አድሮ እንደሆነ፣ ናፍጣ መቼና ከየት እንደተቀዳ፣ በቅርቡ ምን እንደተቀየረ ንገሩት። ፊልትሮ ትናንት ተቀይሮ ዛሬ ካልተነሳ መፈለጊያው ትናንት የተነካው ቦታ ነው። ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ ቆማችሁ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ዓይነት በስልክ ንገሩት፤ ፊልትሮና ካንዴላ ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛ ምልልስ ይቀርላችኋል።